የማባዣው ክፍል ቁልፍና ደንብ

ስለ ወረቀት ብክነት ለመጻፍ ሌላ ወረቀት ማባከን ተገቢ ነወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ እውነት አለህ እለዋለሁ። ነገር ግን ጉዳዩን ሳሰላስለው ከወረቀት የሰፋ ሆኖ ስላገኘሁት ጥቂት ቅጠል ቢፈጅም ሳልጽፍ መተው አልሆነልኝም።

ባለፈው ሴሚስተር የፈተናው ሳምንት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ከማባዣው ክፍል በር ላይ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቆማለች። በእጇ የያዘችው ዐሥራ ሁለት ገጽ የሚሆን ማመልከቻ ከነማስረጃው ነው። ለነጻ ትምህርት ዕድል የምታቀርበው ሲሆን፣ በሦስት ቅጂ አድርገሽ ነገ ረፋድ ላይ አምጪ ተብላለች። በሩ ግን ተቆልፏል፤ በላዩም «ያለ ፈቃድ ማተምና ማባዛት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቁልፉ ከማን ዘንድ እንዳለ ብትጠይቅ አንዱ ከገንዘብ ያዡ ነው አላት፤ ሌላው ከጸሐፊው ነው አላት፤ ጸሐፊው ደግሞ ለፈተናው ጥናት ገብቶ የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። ልጅቱ ጥቂት ቆየችና ወረቀቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውጭ፣ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ሄደች። ለሠላሳ ስድስት ገጽ የከፈለችው ገንዘብ ኪሱ ለሞላ ሰው ምንም አይደለም። ከቤቷ የሚላክላት ለሌላት ተማሪ ግን የሳምንት ሳሙናና የታክሲ ገንዘብ ነው።

በማግስቱ በሩ ተከፍቶ አገኘሁትና ገባሁ። በማሽኑ አጠገብ ባለው ካርቶን ውስጥ ባለቤት ያጡ ወረቀቶች ተቆልለው አየሁ። አንድ በአንድ አገላበጥኋቸው። አርባ ቅጠል የሆነ የጥናት ጽሑፍ፣ በርእሱ ላይ አንዲት ፊደል ስለ ተሳሳተች እንደ ገና ታትሞ የፊተኛው የተጣለ፤ የአንድ ወዳጃችን እኅት የሠርግ ጥሪ፤ ጥቁር መደብ ያለው የእግር ኳስ ቡድን ሥዕል፤ አንዳንድ መሥመር ብቻ የታተመባቸው ሃያ ሦስት ነጫጭ ቅጠሎች። እንግዲህ ለዚያች ልጅ የተዘጋው በር ለእነዚህ ሁሉ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የአርባዎቹ ቅጠሎች ባለቤት እኔ ራሴ ነኝና።

ነገሩ እዚህ የደረሰው እንዴት ነው? የሁለት ዓመቱን ታሪክ የምናስታውስ ሰዎች አለን። መጀመሪያ ምንም ደንብ አልነበረም። መጣ የተባለ ሁሉ ያትማል፤ ወረቀቱም በሴሚስተሩ አጋማሽ ያልቃል። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ተቆጣና ክፍሉን ቆለፈው። ቁልፍ ሲመጣ ደግሞ ቁልፍ ያዥ መጣ፤ ቁልፍ ያዥ ሲመጣም ዘመድና ወዳጅ መጣ። ይህ የሆነው ቁልፍ ያዦቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይመስለኝም። ወዳጁ ሲለምነው እንቢ ለማለት የሚያስችል የተጻፈ ደንብ በእጁ የሌለው ሰው ምን ይበል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ገና በዩኒቨርሲቲ ሳለን የሚለመደው በእንደዚህ ያለው ጥቃቅን ሥልጣን ነው። ዛሬ በማባዣ ክፍል ቁልፍ የጀመረ ሰው ነገ በሚኒስቴር ማኅተም አይጨርስም ብሎ ዋስ የሚሆን ማን ነው?

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ዐሳብ ይህ ነው፤ ልቅነቱም ቁልፉም አልበጁንም፤ የሚበጀን ጥቂት፣ ግልጽና ሁሉን በእኩል የሚመለከት ደንብ ነው።

ደንብ ከማውጣት በፊት ግን የምንሰፍረውን ነገር ማወቅ ይገባል። በየቀኑ የምንጠቀምበት ኤ-4 የተባለው ወረቀት ዐሥራ ስድስቱ ቅጠል አንድ ላይ ቢነጠፍ አንድ ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በእሽጉ ላይ 80 ግራም ተብሎ የሚጻፈውም የዚሁ የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ነው። ስለዚህ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 500 ቅጠል ያለው አንዱ ደስጣ ሁለት ኪሎ ተኩል ይሆናል። እኔ የጣልኋቸው አርባ ቅጠሎች 200 ግራም ናቸው፤ በእጅ ሲይዙት ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን 500 ተማሪዎች እንደ እኔ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ብቻ አርባ አርባ ቅጠል ቢጥሉ 20,000 ቅጠል ይሆናል። ይህም 40 ደስጣ ነው፤ ሲመዘን አንድ ኩንታል ይሞላል። አንድ ኩንታል ጤፍ በየሴሚስተሩ ከግቢያችን በር ላይ ቢደፋ ዝም ብለን የምናልፍ አይመስለኝም። ወረቀቱም ቢሆን አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው።

ቀለሙም እንደዚሁ ነው። አንድ የቶነር ቀፎ ይህን ያህል ሺህ ገጽ ያትማል ተብሎ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚሰላው፣ ከገጹ ከመቶ አምስት እጅ ያህሉ ብቻ በቀለም የተሸፈነ እንደ ሆነ ተቆጥሮ ነው። ይህም ተራ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር የጠቆረ አንድ ገጽ ግን የሃያ ገጽ ቀለም ሊበላ ይችላል። ያ የእግር ኳስ ሥዕል ብቻውን የአንድን ተማሪ ማመልከቻ ያህል ቀለም ሳይወስድ አልቀረም።

በአገራችን መጻሕፍት በብራና በሚጻፉበት ዘመን ቁም ጸሐፊው ቆዳውን ወጥሮና ፍቆ፣ ልኩን ቆርጦ፣ በወስፌ ወግቶ፣ መሥመሩን ካሠመረ በኋላ ነበር ብርዑን ከቀለም የሚነክረው። በገጹ ላይ ምን ያህል ቃል እንደሚገባ ሳያስብ አይጀምርም፤ ቆዳው የፍየል ሕይወት ነውና። ከእኛ በፊት የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ጽሑፋቸውን በጽሕፈት መኪና በስቴንስል ላይ እያስመቱ በሚያባዙበት ጊዜ፣ አንዲት የተሳሳተች ፊደል በቀለም ተደፍና እስክትደርቅ ተጠብቆ እንደ ገና ትመታ ነበር። ስሕተት ድካም ስለ ነበረው ሰው አስቀድሞ ያነብ ነበር።

ይህን ድካም ያስቀረልን የፎቶ ኮፒ ጥበብ ነው። ቼስተር ካርልሰን የተባለው አሜሪካዊ በሙያው የፈጠራ መብት ሰነዶችን ሲሠራ በቂ ቅጂ ማጣት አስቸግሮት ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1938 በኒው ዮርክ አስቶርያ በተባለው ሰፈር የመጀመሪያዋን ደረቅ ቅጂ አወጣ። ዜሮክስ 914 የተባለው መሣሪያ ለገበያ የቀረበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ሃያ አንድ ዓመት ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ቅጂ ማውጣት ቁልፍ መጫን ብቻ ሆነ። ለሥልጣኔው ምስጋና ይድረሰው። ነገር ግን ድካሙ ሲቀር ማሰቡም አብሮ ቀረብን። እኔ ርእሴን አንድ ጊዜ እንኳ ሳላነብ አርባ ቅጠል ያሳተምሁት ቁልፉ ስለ ቀለለኝ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ መልቀሙን እንኳ ለሌላ ሰው ተውሁ።

እንግዲህ ለጠቅላላ ጉባኤው እንዲቀርብ የምመኘው ደንብ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ማሽኑ ራሱ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ በቅጠሉ በሁለቱም ፊት እንዲያትም ሆኖ ይስተካከል። «ወረቀት ቆጥቡ» የሚል ማስታወቂያ በግድግዳ ከመለጠፍ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ሰው ማስታወቂያውን በሁለተኛው ቀን ማየት ይተዋል፤ ማሽኑ ግን የታዘዘውን አይረሳም። በአንድ ፊት ብቻ ማተም የግድ የሚሆንበት ሰው በራሱ ትእዛዝ ይለውጠው።

2ኛ፤ ከዐሥር ቅጂ በላይ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ አንድ ቅጂ ብቻ ያውጣ፤ ቆሞ ያንብበው፤ ከዚያ የቀረውን ይዘዝ። በኮምፒዩተር የተላከ ጽሑፍም ባለቤቱ ከማሽኑ ፊት መጥቶ የራሱን ቁጥር ሳይነካ እንዳይታተም ይደረግ። ባለቤት የሌላቸው ወረቀቶች የሚከማቹት ሰው ከሩቅ አዝዞ ስለሚረሳ ነው።

3ኛ፤ ብዙ ቅጂ የሚያስፈልገው ሥራ ከፎቶ ኮፒው ወደ ማባዣው ይዛወር። ሪዞ የምንለው ማባዣ አስቀድሞ አንድ ማስተር ይቀርጻል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን ያለ ሙቀት እያሳለፈ ያባዛል። የማስተሩ ዋጋ ለአምስት ቅጠል ሲካፈል ከባድ ነው፤ ለሦስት መቶ ሲካፈል ግን ከቁጥር አይገባም። ፎቶ ኮፒው በአንጻሩ ለመጀመሪያውም ለሦስት መቶኛውም ቅጠል ያንኑ ያህል ቶነር ይፈጃል፤ ቀለሙንም በሙቀት ስለሚያጣብቅ መብራቱ አይናቅም። ወሰኑ ሠላሳ ቅጂ ይሁን ወይስ ሃምሳ፣ ገንዘብ ያዡ የማስተሩንና የቶነሩን ዋጋ አስልቶ ይንገረን።

4ኛ፤ ለእያንዳንዱ አባል በሴሚስተር የተወሰነ ቅጠል በነጻ ይመደብለት። እኔ መቶ እላለሁ፤ ቁጥሩ ለክርክር ክፍት ነው። ከዚያ ያለፈው ማኅበሩ ትርፍ ሳይጨምርበት በወረቀቱና በቀለሙ ዋጋ ብቻ ያስከፍል። ማየት የተሳናቸውና ዓይናቸው የደከመ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን በዚህ ልክ አይታሰሩ። በትልልቅ ፊደል የታተመ ጽሑፍ ወይም ብሬል ለአንዱ ገጽ ብዙ ቅጠል ይፈልጋል። እኩልነት ማለት ለሁሉ እኩል ቅጠል መስጠት ሳይሆን ሁሉም እኩል እንዲያነብ ማድረግ ነው።

5ኛ፤ የኮሚቴው አባላትም እንደ ማንኛውም ተማሪ ይቆጠሩ። የማኅበሩ ሥራ የፈጀው ወረቀት፣ ተማሪዎች የፈጁት ወረቀት፣ የተገዛውና የቀረው በየወሩ ተጽፎ በበሩ ላይ ይለጠፍ። አንድ ቅጠል ነው የሚፈጀው።

6ኛ፤ ክፍሉ በታወቀ ሰዓት ይከፈት፤ ተራ ገቢ ተማሪም ይመደብለት። በፈተናና በማመልከቻ ሳምንታት ሰዓቱ ይራዘም። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ ሁለተኛው ሰው ሊያገኘው በሚችልበት በዘበኛው ዘንድ ይቀመጥ። «ማንን ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ በዚያ በር ላይ አይሰማ።

7ኛ፤ በአንድ ፊቱ የታተመ ውዳቂ ወረቀት ተቆርጦ የማስታወሻ ደብተር ይሁን። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር ወይም የፈተና ውጤት ያለበት ግን ይቀደድ። የአንዷን ተማሪ ውጤት ጀርባ ላይ የሌላው የሂሳብ መለማመጃ ሆኖ ሲዞር አይቻለሁ፤ ያሳፍራል።

8ኛ፤ ተራ ገቢው ቅጠል ይቆጥራል እንጂ ጽሑፍ አያነብም።

ስለዚህ ስለ መጨረሻው ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ ከሁሉ የሚበልጥብኝ እርሱ ነውና።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ ብክነትን ለማስቀረት የሚታተመው ሁሉ ርእሱ በመዝገብ ይጻፍ፤ «ጠቃሚ» የሆነውንና ያልሆነውንም ኮሚቴው ይለይ ይላሉ። በቅን ልብ እንደሚሉት አልጠራጠርም። የሠርጉን ጥሪ ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆንብን እፈራለሁ። ዛሬ የሠርግ ጥሪ ጠቃሚ አይደለም ብሎ የሚከለክል እጅ ነገ ኮሚቴውን የሚነቅፍ ጽሑፍ ጠቃሚ አይደለም ለማለት ምን ይከለክለዋል?

ይህ በሐሳብ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። በሶቪየት ኅብረት የፎቶ ኮፒ መሣሪያዎች በቁልፍና በጥበቃ ሥር ይውሉ ስለ ነበር፣ ያልተፈቀደ ጽሑፍ ማንበብ የሚፈልግ ሰው በጽሕፈት መኪና በካርቦን ወረቀት እየደራረበ ለመገልበጥ ይገደድ ነበር። በሩማንያ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ድንጋጌ የጽሕፈት መኪና ያለው ሰው ሁሉ በፖሊስ ዘንድ እንዲያስመዘግብና የፊደሉን ናሙና እንዲሰጥ ያስገድድ ነበር። በእኛም አገር ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውና እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ጽሑፍ በኅዳር 1962 ዓ.ም. የወጣው «ስትራግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ነበር። በጽሑፉ የሚስማማም የማይስማማም አለ፤ እኔ አሁን ወደዚያ አልገባም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ የማኅበሩ ማባዣ «ጠቃሚ አይደለም» በሚል ቁልፍ ያዥ እጅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ጽሑፍ ይኖር ነበር?

ስለዚህ የወረቀቱ ልክ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ በተሰጠው ልክ ውስጥ ምን እንደሚያትም ግን ባለቤቱ ይወቅ። መቶ ቅጠሉን በሠርግ ጥሪ ለጨረሰ ሰው ቅጣቱ የራሱ ነው፤ ለጥናት ጽሑፉ ከኪሱ ይከፍላል። ልክ ያለው ነጻነት ብክነትንም አድሎንም በአንድ ጊዜ ያስቀራል። በጽሑፉ ሕግን የሚተላለፍ ሰው ቢኖር ስለ እርሱ የወጣ ሕግ አለ፤ የማባዣ ክፍል ተራ ገቢ ዳኛ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁና መልሴን ላስቀድም።

የመጀመሪያው፣ «በዚህ ዘመን ሁሉም በስልክና በኮምፒዩተር ይነበባል፤ ማሽኑን ሸጠን እንገላገል» የሚል ነው። ሊነበብ የሚችለው ይነበብ፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለሃምሳ ሰው ከማባዛት በስልክ መላክ ይሻላል። ነገር ግን መብራት በሚጠፋበት ሌሊት፣ መስተዋቱ በተሰነጠቀ ስልክ ሰባ ገጽ አንብቡ የምንለው ማንን ነው? ጥሩ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ወረቀት አያስፈልግም ቢል አይገርምም። እርሳስ ይዞ በኅዳጉ ላይ እየጻፈ የሚያነብ ተማሪም ገና አለ።

ሁለተኛው ስለ መጻሕፍት ነው። «ቤተ መጻሕፍቱ ያለው አንድ ቅጂ፣ የምንፈልገው ግን ሰማንያ ተማሪ ነን፤ ሙሉውን መጽሐፍ እንገልብጥ» ይባላል። ችግሩ እውነተኛ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ፣ ለማስተማርም እንዲባዛ በተወሰነ ልክ በር ከፍቷል። መጽሐፍን ከሽፋን እስከ ሽፋን እያባዙ ለሰማንያ ማደል ግን ከዚያ ልክ የወጣ ነው። ደግሞም ነገ ከመካከላችን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ይኖራል፤ የደራሲው ድካም የእኛም ድካም ነው። ስለዚህ ምዕራፉን ለማጥናት የሚገለብጠውን ሰው አንከልክለው፤ ሙሉ መጽሐፍ ማባዛትን ግን የማኅበሩ ማሽን አይሥራ። በዚያ ፈንታ ማኅበራችን ቤተ መጻሕፍቱ ተጨማሪ ቅጂ እንዲገዛ በጽሑፍ ይጠይቅ። ጥያቄው በሁለት ቅጂ ቢዘጋጅ ይበቃል።

ውድ አንባብያን፤ ስምንቱ ደንቦች ፍጹም ናቸው አልልም። ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢያርማቸው ደስ ይለኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ጠባቂነቱን በአንድ ቁልፍ ያዥ ትከሻ ላይ ከመጣል ለሁላችን ብናካፍለው ይቀልላል። የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴም ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ውስጥ እንዲያስገባው በአክብሮት እጠይቃለሁ። አጀንዳው ታትሞ ሲወጣ በሁለቱም ፊት እንዲሆን አሳስባለሁ።

እኔ የበደልሁትን ለመካስ አንድ ደስጣ ወረቀት ገዝቼ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቤያለሁ። አርባው የማኅበሩ ነው፤ ከቀረው ውስጥ ደግሞ ሠላሳ ስድስቱ ስሟን ላልጠየቅኋት ለዚያች እኅታችን እንዲቆይላት አደራ ብያለሁ። ይህን ጽሑፍ ካነበበች መጥታ ትውሰድ። ምናልባት በሩ ተቆልፎ ካገኘችው ግን ጽሑፌ ገና ሥራውን አልሠራምና፣ በሚቀጥለው እትም እንደ ገና እጽፋለሁ።